ሰው የሌለበት

አሥራ ሦስት ሺህ ብር፣ ግማሹ በቅድሚያ፣
መናፈሻው ብቻ፣ ለባንኩ ግድግዳ ማሳመሪያ።
«ሰው አይግባበት» አለኝ አቶ መክብብ፣ ቢሮው ጠርቶ፣
«ዛፍና ሣር ይሁን፣ ሰማዩም ይታይ ጠርቶ።
ሰው» አለ «ያረጃል፣ የልብሱም ፋሽን ያልፋል፣
ዛፍ ግን ሁሌም ዛፍ ነው፤ የወረፋን ዓይን ያሳርፋል።»
ፈረምኩ።

አቡጀዴ ወጥሬ፣ ኮላ ቀብቼ በስሱ፣
በታችኛው በር ገባሁ፣ ዘበኛው ካፖርቱን ሳይገፍ ከራሱ።
ቅዳሴው ከእስጢፋኖስ በነፋስ እየመጣ፣
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ወያላው በቁጣ፣
ሣሩ በሁለቱ መሀል
ዝም ብሎ ጤዛ ጠጣ።

አረንጓዴ አንድ አይደለም፤
ይህን የሚያስተምር ያለቀ ቱቦ ነው።
ለጽዱ፣ ጥቁር ላይ ቢጫ ጠብ አድርጌ፣
ለሣሩ፣ ከሰማዩ የተረፈ ሰማያዊ ፈልጌ፣
ቆየሁ። የግራቪሊያው ቅጠል ጀርባው ብር ይመስላል፤
ብር የለኝም እኔ፤ ነጭና አመድ ይበቃል።
የድንጋይ ደረጃው ግን አስቸገረኝ፤ መሀሉ ጎድጉዷል፤
የጃንሆይ ዘመን ከዘራ፣ የደርግ ዘመን ቡትስ፣
የፎራፊ ተማሪ ሸራ ጫማ በልቶታል።
ሰው ሳይስሉ
ሰው የረገጠውን እንዴት ይስሉታል?

እነሱ መጡ። እኔ አልጠራሁም።
ጫማውን የሚንተራስ ልጅ፣ ሲቪው ደረቱ ላይ፣
ጠል እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ።
ፎቶ አንሺው ባጫ፣ ካሜራው ካንገቱ፣
ባንድ ቅዳሜ ሰባት ሙሽራ ያነሳ በወጣትነቱ፤
ዛሬ ስልክ በዝቶ
አልበሙን ለርግቦች ያሳያል ከፍቶ።
ከአግዳሚው ጫፍና ጫፍ አንድ ባልና ሚስት፤
መሀላቸው ማኅተም ያለበት ወረቀት፣
ነፋስ እንዳይወስደው
በየአንድ ጣታቸው ጫን ብለው ይዘውት።

ውሉን ረስቼ አይደለም። እጄ ማንበብ አይችልም።
በቀጭኑ ብሩሽ ሳልኳቸው፣ በየቦታቸው፣
ልጁን ከነጫማው፣ ባጫን ከነርግቦቹ፣
ሁለቱን ከነጣታቸው።

ቢጫና ሰማያዊ ደባልቄ ሳልጨርስ
አትክልተኛው ደባልቄ ከጀርባዬ ቆሞ ኖሮ፣
መቀሱን እንዳንጠለጠለ፣ እንደ ዳኛ አንገቱን ሰብሮ፣
«እኔስ የታለሁ?» አለኝ።
ነገርኩት፤ ስለ ባንኩ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ አቶ መክብብ ቃል።
ሳቀ። ከፊት ጥርሱ አንዱ ጎድሏል።
«ሰው የሌለበት?
ሁለት ክረምት ብቻ እኔን ያሳርፉኝና መጥተው ይዩት፤
ያን ጊዜ ጅብ ይምጣና
የቁጠባ ደብተር ይክፈትበት።»

ማስረከቢያው ሐሙስ ነው፤ ረቡዕ ማታ ሸፈንኳቸው።
ልጁን በጥላ፣ ባጫን በጉቶ፣
ባልና ሚስቱን በሁለት ቁጥቋጦ፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ተለያይቶ፤
መሀል ያለችውን ነጭ ግን፣ ወረቀቷን፣
«አበባ ናት» ብዬ ተውኳት ብቻዋን።
ደባልቄን አልሸፈንኩም፣ የሚሸፈን አካል አልነበረው፤
አጥሩን ብቻ ሳልኩ፣
ቀጥ አድርጌ፣ እሱ እንደሚያደርገው።

ቀሪውን ግማሽ ልቀበል ሄድኩ፤ ቁጥሬ መቶ አሥራ ስምንት።
ሥዕሌ ከሰዓቱ በታች ተሰቅሏል፣ ከአምፖሉ ፊት ለፊት።
ርካሽ ቀለም ነው፤ ሲደርቅ ይሳሳል።
አንዲት ሕፃን የእናቷን ሻርፕ ሳብ አድርጋ፣
«እማዬ፣ እዚያ ሣር ላይ ሰው ተኝቷል።»
«ዛፍ ነው» አለች እናት፣ የራሷን ቁጥር እያየች።
ትንሽ ቆይታ ግን
ቀና አለች፣
አንገቷን እንደ ደባልቄ ሰበር አድርጋ።

ቁጥሬ ተጠራ። ሁለት ጊዜ።
እኔ እሷን አያለሁ።